ከፊት ድንጋይ፣ ከኋላ ጭቃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሰናበቻ ንግግር ያደረገችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ሰናይት ናት። ኧረ ምነው! ያን ሁሉ ሠራተኛ በያዘ መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው ጠፍቶ? ቆማ “ፍቅሬ ሜትር ከዘረጋ ጣት አይስትም” ስትል ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ሳይደርቅ ግን ስለ ቀድሞ አለቃችን ስለ ጋሽ ወርቁ ማውራት ጀመረች። ስለ ጋሽ ወርቁ ከተወራ ደግሞ እኔን የሚያስታውስ የለም። እሷ ስትተርክ፣ ሰው ሲስቅ፣ እኔ የተሸለምኩትን ጃንጥላ ታቅፌ ተቀምጬ ዋልኩ።

ልጆቼ “አባዬ፣ ከምትነጫነጭ የሥራ ዘመንህን ጻፈው” ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ራሱን ጻድቅ ያደርጋል። እኔ አልችልበትም፤ ቀናተኛ ነኝ። የሰው ቤት ስገምት ኖሬ የሰው ቤት አላስቀናኝም ብል ማን ያምነኛል? ግን በቤት የቀናሁት ጥቂት ነው። አጥብቄ የቀናሁት በሰናይት ነው።

ሥራዬ ለጣራና ግድግዳ ግብር ቤት መገመት ነበር። ቤቱ ከምን ተሠራ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ የት ሰፈር ነው፣ ይህን አይተን ደረጃ እንሰጠዋለን፤ ግብሩ በደረጃው ልክ ይተመናል። ባለቤቱ “በዛብኝ” ካለ ቅሬታ ያቀርባል፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሄዶ ያያል። ደመወዙ ሰው አያኮራም። ወረቀቱ ደግሞ አያልቅም ነበር። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ስብሰባ ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እያየ “ይሄ አንደኛ ደረጃ፣ ያ ሁለተኛ” እያለ ሩዋንዳ ሰፈርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገምቶ ለምሳ ይደርስ ነበር። ከሁሉም በአእምሮዬ የቀሩት ጋሽ ወርቁ ናቸው።

ጋሽ ወርቁ የግምት ቡድናችን አስተባባሪ ነበሩ። አጭር፣ በጋ ከክረምት ካፖርት የማይለያቸው፣ ቁጣቸው በዝምታ የሆነ ሰው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሩዋንዳ አንድ ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። የቤቱ ፊት በሴራሚክ አጊጧል፤ መስኮቱ አልሙኒየም ነው። እኔ ሜትሬን አውጥቼ ልዘረጋ ስል ክንዴን ያዙኝና ለባለቤቷ፣

“እመቤት፣ እስቲ ውሃ አጠጡኝ” አሏት።

“ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ ይመጣልዎታል። ለስላሳ ይሻልዎት ይሆን?”

“ለስላሳ አልጠጣም። አይድከሙ፣ እኔው እመጣለሁ።”

ተከትለዋት ጓዳ ገቡ። እኔም ተከተልኩ። ብርጭቆውን ተቀብለው ቆመው፣ ቀስ ብለው፣ ጉንጫቸው ውስጥ እያንከባለሉ ጠጡ። በዚያች ጊዜ ዓይናቸው ሥራውን ጨርሷል። የበሩን መቃን ያያሉ፤ የጭቃ ግድግዳ ወፍራምና ወጣ ገባ ስለሆነ መቃኑ ዘንድ ያሳብቃል። መጥበሻና ወንፊት የተሰቀለበትን ያያሉ። የጭቃ ቤት ሚስማር የሚይዘው እንጨቱ ላይ ብቻ ነው፤ እንዲያው ጭቃው ላይ ብትመታው ከነመጥበሻው ይወርዳል። ስለዚህ የጓዳ ዕቃ ተራርቆ በየምሰሶው ይሰቀላል። በመጨረሻ ብርጭቆውን ሲመልሱ ሳያስቡት የተደገፉ መስለው ግድግዳውን በክርናቸው ጠቅ ያደርጉታል። ወጥተን መንገድ ላይ “ጭቃ ነው። የፊቱ ልብስ ነው” አሉኝ።

“ለምን በግልጽ ጓሮውን አሳዩን አይሏትም?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ሰው ሳሎኑን ለእንግዳ ይሠራዋል፤ ጓዳው ገመናው ነው። ገመና አሳዪኝ ይባላል? ውሃ ግን የጠየቀን ማንም አይከለክልም።”

እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ጠባይ ቆጥሬ አለፍኩት። መተማመኛዬ ሜትሬ ነበር። ከዚያ ሰናይት መጣች።

ሰናይት ከእኔ በኋላ ነው የተቀጠረችው። መጀመሪያ ቀን አብራቸው ጓዳ ገባች፤ እሷም ውሃ ጠየቀች! ጠጥታ ስትጨርስ በቀለበት ጣቷ ግድግዳውን አንዴ ነካ አደረገችና ስንወጣ፣ “ጋሽ ወርቁ፣ እስከ ወገቡ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ በላይ ጭቃ ነው አይደል?” አለቻቸው። ሽማግሌው ቆሙ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። “ልጄ፣ ጆሮ ሰጥቶሻል” አሏት።

ልጄ! ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም። እኔን እስከ መጨረሻው “አቶ ፍቅሬ” ነው የሚሉኝ። በየጓዳው እየዞርኩ ግድግዳ እቆረቁር ነበር፤ እጄ ቆሰለ እንጂ ምንም አልሰማ አለኝ። ሁሉም ግድግዳ ለእኔ “ጥ” ነው የሚለው። ጋሽ ወርቁ ወደ ገርጂም ወደ ሰሚትም ሲወጡ “ሰናይትን ጥሩልኝ” ይላሉ፤ እኔ ከሜትሬ ጋር እቀራለሁ። “ምቀኛ አታሳጣኝ” ይላል ሰው፤ ሰናይት ግን ምቀኛዋ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። እንዲያውም ምሳ ታጋራኝ ነበር፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ትልቁ ውድቀቴ የመጣው በዚሁ እልህ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ አቶ ጌታሁን የሚባሉ ባለቤት ቤታቸው ከፊት ለፊቱ ብቻ ታይቶ ብሎኬት ተብሎባቸው ቅሬታ አቀረቡ። ቤቱ የአባታቸው የጭቃ ቤት ነው፤ ከፊት ብቻ በሴራሚክ አልብሰውታል። ጋሽ ወርቁ ሌላ ጉዳይ ስለነበረባቸው አጣርቼ እንድመጣ እኔን ላኩኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዛሬ ሰናይት የለች፣ ማንም የለ፣ አሳያቸዋለሁ አልኩ።

በሩን አንኳኩቼ ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች በተርታ ተቀምጠዋል። የአቶ ጌታሁንን ሴት ልጅ ለመጠየቅ የመጡ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ናቸው። አስተዋይ ሰው ቢሆን “በኋላ ልመለስ” ይላል። እኔ ግን ደብተሬን ከፍቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

“አቶ ጌታሁን፣ ቤቴ ጭቃ ነው ብለው ቅሬታ አቅርበዋል፤ ጓሮውን ለማየት ነው የመጣሁት!” አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

“ማን? እኔ? ተሳስተሃል ወንድሜ። ቤቴ የብሎኬት ነው።”

“ጌታዬ፣ ማመልከቻዎ እኮ እጄ ላይ…”

“ብሎኬት ነው! ጻፍ አልኩህ!” ብለው ጮኹ።

ጻፍኩ። ፈረሙበት። ባለቤቱ ራሱ ብሎኬት ነው ካለ ኮሚቴ ምን ያደርጋል? ቅሬታው ተዘጋ። ማምሻውን የሆነውን ስነግራቸው ጋሽ ወርቁ አልተቆጡም። ካፖርታቸውን ቆልፈው ለመሄድ ሲነሱ፣

“አቶ ፍቅሬ፣ በዚያ ፀሐይ ውሃ አልጠማህም ነበር?” ብቻ አሉኝ።

በነጋታው ሰናይትን ላኳት። በሩ ላይ ቆማ ውሃ ብትጠይቅ አቶ ጌታሁን በቀዳዳ አይተው “ውሃ ጠፍቷል” ብለው ዘጉባት። ልጅቷ ተዳረች፤ ሰውዬው ግን ግብሩን መቋቋም ስላቃታቸው የአባታቸውን ቤት ሸጠው ከሰፈሩ ወጡ። ዛሬ ቦታው ላይ ትልቅ ሆቴል ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። እንዲህም ሆኖ ያን ጊዜ ከሐዘኔ ይልቅ የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነበር፤ ሰናይት መጀመሪያ ብትሄድ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ብለው ሁሉም ያስባሉ እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጡ፤ ሰናይት ቡድን መሪ፣ ኋላም የቅሬታ ሰሚው ሰብሳቢ ሆነች። ሰሚት ላይ ቤት ሠርታ ለምርቃቱ ጠራችን። የእኔ የጭቃ ቤት ከሰሚት ጀርባ፣ ወደ ለሚ በሚወስደው በኩል፣ ዱሮ የገበሬ መንደር በነበረ ሰፈር ነው፤ ወደ እሷ ቤት የሚወስደው አቋራጭ በእኛ በር ያልፋል። ከምርቃቱ ላይ ጋሽ ወርቁ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ገና ሳይቀመጡ ውሃ ጠየቁ። ጓዳ ገብተው ቆመው ጠጡና፣ “ልጄ፣ ቤትሽ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው” አሏት። ሰው እልል አለ። እኔ የያዝኩትን ቁራሽ ዳቦ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለጽጌ “የቤታችንን ፊት ድንጋይ አለብሰዋለሁ” አልኳት።

“አብደሃል? ጓዳው በክረምት እያፈሰሰ ፊቱን ድንጋይ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!”

አልሰማኋትም። በጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ አስመታሁ፣ በሲሚንቶ አስለሰንኩ፣ በላዩ ጌጠኛ ድንጋይ አስለጠፍኩ፣ መስኮቶቹን በአልሙኒየም ቀየርኩ። የሰፈሩ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታችን አባ በዳሳ በአጥር ላይ ቁልቁል እያዩ፣ “ፍቅሬ፣ አሮጊቷን ኩል ኳልካት እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። ከመንገድ ቆሜ ሳየው ግን አማረልኝ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ያምራል።

ከዚያ ጋሽ ወርቁን ጋበዝኳቸው። ደጁ ላይ ቆመው የቤቱን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት።

“አምሯል አቶ ፍቅሬ” አሉ። በረንዳው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ “እስቲ ውሃ አጠጣኝ” አሉኝ።

የጓዳው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል፤ ልስኑ ተፈንቅሎ ጭዱ ይታያል። “ይቀመጡ፣ ይቀመጡ ጋሽ ወርቁ!” ብዬ ሮጬ ገባሁና ውሃውን እጄ ላይ እያፈሰስኩ ከወንበራቸው ሳይነሱ ደረስኩላቸው። ተቀምጠው ጠጡት። ተቀምጠው ሲጠጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ውሃው ጥሩ ነው። ጓዳችሁ ሩቅ ነው መሰለኝ” አሉ።

ከዚያ በኋላ ዳግም ቤቴ አልመጡም፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰናይት እንደ ልጅ አነባች፤ ሰው ሁሉ እሷን ከበበ፣ እሷን አጽናና። በለቅሶ እንኳ ቀደመችኝ።

እኔም ተራዬ ደርሶ፣ በዚያች ጃንጥላ ተሸኝቼ ቤቴ ገባሁ። ብዙ ሳይቆይ አዲሱ ግምት መጣ። አንድ ወጣት መሐንዲስ በራችን ላይ ቆሞ በታብሌት ፎቶ ሲያነሳ አየሁት።

“ግባ እንጂ የኔ ልጅ” አልኩት።

“አያስፈልግም ጋሼ፤ ከዚህ ክሊር ሆኖ ይታያል” ብሎኝ ወደ ጎረቤት አለፈ። ውሃ አልጠየቀም። የዘንድሮ ልጅ የራሱን ውሃ በፕላስቲክ ይዞ ነው የሚዞረው።

ማስታወቂያው ሲመጣ ቤቴ አንደኛ ደረጃ ሆኗል። ጽጌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ይሄ በጡረታህ ይቻላል?”

“አይቻልም።”

“ታዲያ ቤቱን ልንሸጥ ነው? ቅሬታ አቅርብ እንጂ! ዕድሜህን የፈጀህበት ሥራ አይደለም?”

“ሰብሳቢዋ ሰናይት ናት” አልኳት። “ሰናይት ፊት ቆሜ ቤቴ ጭቃ ነው ልበል? ሞቼ ነው!”

“እንግዲያው አንተ ሞተህ አርፈህ ተኛ፤ እኔ እሄዳለሁ።”

የቅሬታው ጊዜ ሊያልፍ ሲል ራሴ ሄድኩ። ሰናይት ከጠረጴዛው ወዲያ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች። ዕድሜ ልኳን “አንተ” ስትለኝ የኖረች ሴት፣ “አመልካች፣ ቅሬታዎን ያስረዱ” አለችኝ።

“ግምቱ በዝቷል።”

“በምን ምክንያት?”

ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። “ስፋቱ ተሳስቷል” አልኩ። ስፋቱ ልክ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

“ስፋቱ ልክ ነው። ሌላ ምክንያት አለ?”

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። “ኮሚቴው በአካል ያያል” ብላ ቀጣዩን ጠራች። የመጣልኝ ዕድል ይህ ብቻ ነው። በአካል መጥተው ድንጋዩን አይተው ከሄዱ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

የመጡ ዕለት ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ሰናይትና ያ ወጣት መሐንዲስ ግቢው መሐል ቆሙ። አባ በዳሳ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ያያሉ፤ ከመንገድ ማዶም ጥቂት ሰው ቆም ቆም ብሏል። ልጁ ታብሌቱን ከፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

“ጋሼ፣ ቤቱ ብሎኬት ነው አይደል?” አለኝ።

አቶ ጌታሁን ያን ጊዜ ነው የገቡኝ። ምላሴ ላይ “ብሎኬት ነው፣ ጻፍ!” የሚለው ተዘጋጅቶ ቆሟል። ጡረታዬም፣ ጽጌም፣ ቤቱም ትዝ አላሉኝም። የታየኝ ጎረቤትና ሰናይት ብቻ ናቸው። አፌን ልከፍት ስል ሰናይት ቀደመችኝ።

“ፍቅሬ” አለች፣ “ፀሐዩ ገደለኝ። ውሃ አጠጣኝ እስቲ።”

ጽጌ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ብርጭቆ ይዛ ወደ በረንዳው ስትወጣ አየኋት። ያቺ በረንዳ ናት፤ ወንበሩም ያው ነው።

“ጽጌ፣ አታምጪው!” አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። “ሰናይት፣ ነይ ግቢ። ከጓዳ ነው የሚጠጣው።”

ገባች። ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ፣ ጭዱ ወጥቶ፣ መጥበሻው በአንዱ ምሰሶ፣ ወንፊቱ በሌላው ተሰቅሎ ጠበቃት። ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ ጋሽ ወርቁ ጠጣች። በቀለበት ጣቷ ግድግዳውን አንዴ ነካች። ብርጭቆውን ለጽጌ ስትመልስ፣

“ጓዳችሁ ቅርብ ነው እኮ! ጋሽ ወርቁ ሩቅ ነው ያሉት ለምንድነው?” አለች።

ይህን ቃል ከእኔና ከጋሽ ወርቁ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም፤ ለጽጌም አልነገርኳትም። ለእሷ ነግረዋታል! በሞት አፋፍ እንኳ ለእሷ!

“መቼ ነገሩሽ?”

“ታመው ልጠይቃቸው ሄጄ። ‘ፍቅሬ ውሃውን ይዞ እየሮጠ ወጣ’ ብለው ሳቁ።”

“ሳቁብኝ!”

“ቆይ አስጨርሰኝ። ‘ጓዳ ምን እንደሚናገር አጥብቆ ያወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚሮጥ፤ ካስተማርኳችሁ ሁሉ ነገሩ የገባው እሱ ነው፤ ለራሱ ግን አልነገረውም’ አሉኝ። ከዚያ ‘አንድ ቀን ቢቸግረው ውሃ ጠይቂው’ አሉ።” መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። “እኔን አንድ ቀን ‘ገባሽ’ ብለውኝ አያውቁም። ‘ጆሮ ሰጥቶሻል’ ነው ሁልጊዜ። ጆሮ እኔ አላመጣሁት።”

ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጢሜን ስላጭ በየቀኑ መስታወት ውስጥ የማየው ነው። ጋሽ ወርቁ ፍቅሬ ብለዋል፣ አቶ ሳይሉ። እንባዬ መጣ፤ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ልጁ አሁንም ታብሌቱን ይዞ ይጠብቃል።

“ጭቃ ነው!” አልኩት፣ መንገዱ ማዶ እስኪሰማ። “ከፊትም ከኋላም ጭቃ ነው፤ ድንጋዩ ልብስ ነው። ጻፍ!”

አባ በዳሳ በሳቅ አጥሩን አንቀጠቀጡት። “ኧረ ይጻፍ! ጠይቁኝ እንጂ፣ ከወንድሞቼ ጋር በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነኝ! ማነው ብሎኬት ያለው?”

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የማያውቀው ከመንገድ ፎቶ ያነሳው ልጅ ብቻ ነበር።

ደረጃው ወረደ፤ ቤቱም ተረፈልን፤ ጽጌ አሁን ጓዳውን አሳድስ እያለች ትነዘንዘኛለች። አሳድሳለሁ። የፊቱን ድንጋይ ግን አላነሳም ብያለሁ። ሰናይት ቤቷ ስትገባ በበራችን ነው የምታልፈው፤ ትየው።